የጀልባ ቅርጫ

ውሃ የሌለው ሰው ስለ ውሃ የሚሰጠው አስተያየት ከአድልዎ የጸዳ ነው። የሐይቅ ዳር ሰው ይፈራል፣ ዓሣ አጥማጅ ያዳላል፣ ጀልባ ነጂ ኪሱን ያስባል። ከዳሞታ ተራራ ሥር በብርድና በጭቃ የሚኖር ሰው ግን ስለ ባሕር በንጹሕ ኅሊና መናገር ይችላል። «የደጋ ቀበሌዎች ቀጣናዊ ጥምረት» ከራሱ የውሃ ክልል አልፎ በባሕር ደኅንነት ላይ የተጫወተውን ሚና የምጽፈው ይህን እውነት ይዤ ነው። የጥምረቱ ጸሐፊ እንደመሆኔ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጽፍም። የሰማሁት ስድብ ይበዛበታል።

ጥምረቱን ያቋቋሙት በወላይታ ሶዶ ዙሪያ የሚገኙ አራት ቀበሌዎች ናቸው። የውሃ ክልል የላቸውም የሚሉ ምቀኞች አሉ። ሐሰት ነው። አንድ ቦኖ አለን፤ ደስ ባለው ቀን ያንጠባጥባል። አንድ ቦይ አለን፤ ክረምት ሲገባ ሞልቶ የሰው ሳሎን ይጎበኛል። በአንድ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ መጀመሪያ ቦኗችን ይጠገን» አሉ። የተከበሩ ሰብሳቢያችንና የአንደኛው ቀበሌ ተወካይ አቶ ወልደመስቀል በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፣ «እናቴ፣ እርስዎ የሚያወሩት ስለ ድስት ነው። እኛ የምናወራው ስለ ቀጣና ነው» ብለው መለሱ። አዳራሹ አጨበጨበ። እናትየዋም ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ወጡ።

አቶ ወልደመስቀል ተራ ሰው አይደሉም። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ገበያ ዳር ሚስማርና ቆርቆሮ መሸጥ ጀመሩ፤ እሳቸው ሱቁን አሰፉና የሰፈሩ ሽማግሌ ሆኑ። በሰው ሐቅ አይገቡም። ከሁሉ በላይ የታወቁት በቅርጫ ነው። ሰፈሩ ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ በጋራ በሬ ሲጥል ሥጋው የሚከፋፈለው በእሳቸው ዓይን ሥር ነው። ከሽንጡም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ እኩል ይደርሰዋል፤ አጥንት እንኳ በመጥረቢያ ተመትቶ ይካፈላል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል። እስካሁን «የእኔ አነሰ» ብሎ የተነሣ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ችሎታ በበሬ ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ለአገር ኪሳራ ነው ብለን ሁላችንም እናምን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሆቴል አዳራሽ በተሰጠ ሥልጠና ላይ ነው። አሠልጣኙ፣ በዓለም ላይ ያሉ የአገሮች ኅብረቶች መርከብ እየላኩ የእነርሱ ያልሆነ ባሕር እንደሚጠብቁ አስረዱ። አቶ ወልደመስቀል እጃቸውን አወጡ።

«ባሕሩ የእነርሱ አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ማን ጠራቸው?»

«ኃላፊነታቸውና ጥቅማቸው።»

«ኃላፊነት እኛም አለን» አሉ ሰብሳቢያችን ወደ እኛ ዞር ብለው።

«ጥቅሙስ?» አሉ የሁለተኛው ቀበሌ ተወካይ ወይዘሮ ዓመለወርቅ።

«ይፈለጋል።»

በዚያው ሳምንት የሚጠበቅ ባሕር ፍለጋ ካርታ ተዘረጋ። ቀይ ባሕር ለጊዜው ራቀ፤ የትራንስፖርት በጀቱ አይበቃውም። በመጨረሻ ከሃላሌ ከተማ በታች፣ ኦሞ ከተገደበ ወዲህ የተኛው ውሃ ተመረጠ። ማዶው ዳውሮ ነው። ከአራቱ ቀበሌዎች አንዱም ውሃውን አይነካውም፤ አብዛኞቻችን አይተነውም አናውቅም። መመዘኛውን ሙሉ በሙሉ አሟላን።

በዚያ ውሃ ላይ ብሩ የሚባል ሰው በእንጨት ጀልባ ሰውና ፍየል ያሻግራል። ብሩ መልአክ አይደለም። ዋጋ የሚጠራው የተሳፋሪውን ጫማ አይቶ ነው፤ ጀልባው ስለሚያፈስም ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሁልጊዜ በጣሳ ውሃ እየቀዳ ወደ ውጭ ይደፋል። ቢሆንም ያሻግራል። ማዶ ለሚኖሩ ሰዎች ያለው መንገድ እሱ ነው፤ በመኪና እንዙር ቢሉ ዞሮ ዞሮ ቀኑ ያልቃል።

ማዶ ከሚኖሩት አንዷ ሜላት ናት። እናቷ ዘነቡ በአቶ ወልደመስቀል ሱቅ ደጃፍ ቅቤ ትሸጣለች። ሜላት የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ኦቶና ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ነው፤ ሐኪሞቹም «ሁለተኛውን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው፣ ትሞቻለሽ» ብለው ነግረዋታል። ሁለተኛውን አርግዛ ቀኗ እየገፋ ነበር። ዘነቡ ከቅቤዋ ይልቅ ስልኳን ማየት አብዝታለች።

ጥምረቱ ማመልከቻ ጽፎ ከአንድ ፕሮጀክት ጀልባ ተሰጠው። ነጭ የፋይበር ጀልባ፣ ሞተር፣ የቤንዚን ጋን ከነቱቦው፣ ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬቶች፣ ሁለት መቅዘፊያና ቤንዚን። ርክክቡ ሶዶ ላይ ተደረገ፤ ሐይቁ ዳር ወንበር አልነበረም። ሰብሳቢያችን ባደረጉት ንግግር፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለው፣ ቀበሌ ቢያብር ማዕበል ያስር!» አሉ። የዕለቱ ማዕበል የቦያችን ጎርፍ ብቻ ስለነበር ማንም አልተቃወመም።

ዘነቡ ሰዉን እየገፋች ቀረበች።

«ጋሼ፣ ይቺ ጀልባ ውሃ ላይ መቼ ነው የምትወርደው? ሜላት ቀኗ ደርሷል።»

«በቅርቡ ነው ዘነቡ። አቅጣጫ ተቀምጧል።»

«አቅጣጫው በሃላሌ ነው፣ ጋሼ። ጀልባዋ ግን እዚህ ናት።»

«ቂ ቂ» ብለው ሳቁ ሰብሳቢያችን፤ ሕዝብ ሲቀልድ ደስ ይላቸዋል።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ። ጀልባዋ የት ትቀመጥ? «ሃላሌ፣ ውሃው ዳር» ያለ አንድ ሰው ነበር። ጀልባዋን በአይሱዙ ያመጣው ሾፌር ነው፤ ሾፌር ድምፅ የለውም። የሦስተኛው ቀበሌ ተወካይ አቶ ገብርኤል ግን ነገሩን ከሥሩ አዩት። «አንዱ ጋ ከተቀመጠች የአንዱ ሆና ቀረች ማለት ነው» አሉ። አራቱም ተወካዮች ተያዩ። በወዳጅነት የተሞላ ጥርጣሬ አዳራሹን ሞላው። አንድነታችን ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ሲቀረው አቶ ወልደመስቀል እንዲህ አሉ።

«የእንሰት ቅጠል አምጡ።»

ቅጠሉ በአራት ቦታ ተነጠፈ። ጀልባዋ ተበለተች። በአንዱ መደብ የጀልባዋ አካል፣ በሁለተኛው ሞተሩ፣ በሦስተኛው ጋኑና ቱቦው፣ በአራተኛው ጃኬቶቹ ሆኑ። ቤንዚኑ በጣሳ እየተለካ ለአራት ተቀዳ። ሁለቱ መቅዘፊያዎች አስቸገሩ፤ ለአራት ሰው ሁለት ዕቃ። ሰብሳቢያችን መጋዝ አስመጡና እያንዳንዱን ከመሃል አስቆረጡት። ስለ ፍትሕ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ሲጋዝ ያየሁት ግን የዚያን ቀን ነው።

ዕጣ ወጣ። አካሏ ለወይዘሮ ዓመለወርቅ፣ ሞተሩ ለአቶ ገብርኤል፣ ጋኑ የሥነ ዜጋ መምህር ለሆኑት ለአራተኛው ተወካይ ለመምህር ሰላምአብ፣ ጃኬቶቹ ለአቶ ወልደመስቀል ደረሱ። ሁሉም ድርሻውን ተሸክሞ ወደ ቀበሌው ሄደ። «የእኔ አነሰ» ያለ አልነበረም። ወይዘሮ ዓመለወርቅ ግቢ የሚያልፍ ሰው ከዳሞታ ሥር የተቀመጠችውን ነጭ ጀልባ እያየ፣ «ውሃው እስከዚህ ሊመጣ ነው እንዴ?» እያለ ንስሐ አባቱን ይጠይቅ ጀመር። ለሃይማኖትም ጠቀምን ማለት ነው።

ጀልባ ያለው ኃይል ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጥምረቱ በመጀመሪያው ውሳኔው የውሃውን ደኅንነት አረጋገጠ፤ ማንም እንዳይሻገር ከለከለ። በጥናት እንደተደረሰበት ሰው የሚሰጥመው ውሃ ላይ ሲገኝ ነው። የብሩ ጀልባ በሰንሰለት ከግራር ጋር ታሰረ፤ ቁልፉ በአቶ ወልደመስቀል ኪስ ገባ። ዳር ላይ አቶ ዳና የሚባሉ ዘብ ተቀጥረው መመሪያ ተሰጣቸው፦ ያለ ፈቃድ የተሻገረ ጀልባ ሲመለስ ይያዛል፤ የተያዘ ጀልባ የሚለቀቀው አራቱ ተወካዮች በፈረሙበት ወረቀት ነው። አቶ ዳና ማንበብ ስለማይችሉ መመሪያውን በቃላቸው አጠኑት። በቃሉ ያጠና ሰው እንደሚያነብ ሰው አይረሳም።

ከዚያ ወዲህ በውሃው ላይ አንድም አደጋ አልደረሰም። ማዶ ያሉት ሰዎች በእኛ ላይ ያሉትን በሪፖርቱ አላካተትኩም።

አንድ ቀን ጠዋት ዘነቡ ቅቤዋን ሜዳ ላይ ትታ ሱቁ ውስጥ ገባች።

«ጋሼ፣ ሜላት ምጥ ይዟታል። ቁልፉን ስጡኝ፣ ብሩ ያምጣት።»

«የብሩ ጀልባ ያፈሳል፣ ዘነቡ። እንዴት ብለን ነፍሰ ጡር እናሳፍራለን?»

«እንግዲያው የእናንተን ላኩ።»

«እሱን ነው የምልሽ። እኛ ለምንድን ነው የተቋቋምነው? ለዚህ ቀን አይደለም?»

ክፉ ሰው አይደሉም። አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ፤ አስቸኳይ ስለነበረ የመክፈቻ ንግግሩ አጠረ። «ጀልባዋ ትሂድ» የሚለው በሙሉ ድምፅ አለፈ። «የእኔ ሞተር ያለ እኔ አይሄድም» የሚለው የአቶ ገብርኤል ማሻሻያም አለፈ። ሌሎቹም ተመሳሳይ ማሻሻያ አቀረቡ። ቅርጫ ላይ ድርሻውን ትቶ የሚሄድ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

በአይሱዙ ጭነን ሃላሌ ደረስን፤ ወደ ውሃውም ወረድን። ዘነቡ ከላይ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጣ ነው የመጣችው። መንገድ ላይ ስልኳ በጮኸ ቁጥር በጀልባዋ ወለል ላይ በእጇ ትደበድባለች።

ዳር ላይ አራቱ መደቦች ተገጣጠሙ። መቀመጫው ለስድስት ሰው ነው። አራቱ ተወካዮች ከነድርሻቸው ገቡ። ታሪክን ለመመዝገብ ይዘነው የመጣነው ካሜራ ያዥ ገባ። ታሪክን ለመጻፍ እኔ ገባሁ። ስድስቱም ጃኬት ለበስን። ዘነቡ እግሯን ውሃ ውስጥ እንዳደረገች ቆማ፣ «እኔስ?» አለች።

«አንቺ እዚህ ሆነሽ ተቀበያት» አሉ አቶ ወልደመስቀል፣ «መቀበልም ድርሻ ነው።»

ሞተሩ ተነሣ። የወላይታን ደጋ ወክለን ከግዛታችን ውጭ ባለ ውሃ ላይ ስንገሰግስ ወይዘሮ ዓመለወርቅ አለቀሱ። ነፋሱ ይሁን ታሪኩ አላወቅሁም።

ማዶ ሜላት በባሏ ትከሻ ተደግፋ ቆማ አገኘናት። ፊቷ በላብ ርሷል። ካሜራ ያዡ ፎቶ አነሣት። ምጡ ለቀቅ ሲያደርጋት ቀና ብላ ጀልባዋን አየች።

«የት ልቀመጥ?» አለች።

እውነት ለመናገር ይህ ጥያቄ በሰነዶቻችን ውስጥ አልነበረም።

«አንድ ሰው ይውረድላት» አሉ ሰብሳቢያችን።

«ሞተሩን ለማን ትቼ?» አሉ አቶ ገብርኤል።

«እኔ ከወረድኩ ጀልባዋም ከእኔ ጋር ትወርዳለች» አሉ ወይዘሮ ዓመለወርቅ።

«እርስዎ ለምን አይወርዱም?» አሏቸው መምህር ሰላምአብ ሰብሳቢውን።

«እኔ ከወረድኩ ጃኬቶቹ ይወርዳሉ። ጃኬት የሌለው ጀልባ ደግሞ ክልክል ነው፤ ራሳችን ነን የከለከልነው።»

ካሜራ ያዡ ልውረድ አለ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ተቆጡት፤ እሷ ስትሳፈር ማን ያነሣል? እኔን ማንም አላየኝም፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እጽፍ ነበር። የሜላት ባል አንዴ የእነርሱን አንዴ የሚስቱን ፊት እያየ ቆየ። በኋላ በወላይትኛ አንድ ነገር አለ። መምህር ሰላምአብ ለካሜራ ያዡ ሊተረጉሙ ጀምረው ተዉት። ሜላት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኛም ነጥቡን በአጀንዳ ይዘን ውይይት ከፈትን።

በወዲያኛው ዳር የሆነውን አቶ ዳና በኋላ ነው የነገሩኝ። ዘነቡ ጥቂት ጠበቀች። ከማዶ ብርቱካናማ ጃኬቶች እጃቸውን እያወናጨፉ ሲከራከሩ ይታያታል። ዞር ብላ ብሩን አየችው።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ቁልፉ ከሰውዬው ጋር ውሃ ተሻገረ እኮ» አላት ብሩ።

ዘነቡ ድንጋይ አነሣችና የሰንሰለቱን ጓጉንቸር መታችው። ብሩ እጇን ያዘ።

«ዘነቡ፣ ጀልባዬን ይወስዱብኛል። ልጆች አሉኝ።»

«እኔም አለችኝ» አለችው። «አንዲት ናት፤ እዚያ መሬት ላይ ተቀምጣለች።»

ብሩ እጇን ለቀቀ። ከዚያ ድንጋዩን ራሱ ተቀብሏት ጓጉንቸሩ እስኪሰበር መታ። ሁለቱም ወደ አቶ ዳና ተመለከቱ። አቶ ዳና መመሪያውን በልባቸው አነበነቡት።

«መመሪያዋ የምትለው የተሻገረውን ያዝ ነው» አሉ። «እናንተ ገና መቼ ተሻገራችሁ? ሂዱ። ስትመለሱ ግን እይዛለሁ።»

ብሩ ከእኛ አጠገብ ሲያርፍ እኛ ገና ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነበርን። ሜላትን ከባሏ ጋር አቅፎ ጀልባው ውስጥ አስተኛት፤ ዘነቡ የልጇን ጭንቅላት በጭኗ ላይ ያዘች፤ ባልየው ጣሳ አንሥቶ ውሃ መቅዳት ጀመረ። ዘነቡ አንዴ ብቻ ቀና ብላ አየችን። ብትሰድበን ይሻል ነበር።

«ይህ ጀልባ ያለ ፈቃድ ነው የተንቀሳቀሰው!» አሉ አቶ ወልደመስቀል። ውይይቱ ወዲያው ተቋጨ፤ ከራሳችን ውሃ ውጭ ያለ የመጀመሪያው ወንጀል ዓይናችን ሥር ተፈጸመ። ለማሳደድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነና ተነሣን። እየቀረብናቸው ሄድን። ሰብሳቢያችን ብድግ ብለው «ቁም!» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ጸጥ አለ።

«ቤንዚን አልቋል» አሉ አቶ ገብርኤል።

«የእኔን ድርሻ ሙሉውን አምጥቻለሁ» አሉ ጋኑን የያዙት መምህር ሰላምአብ። «የእናንተስ?»

የአቶ ገብርኤል ድርሻ በሞተር ሳይክላቸው አልቋል። የወይዘሮ ዓመለወርቅ፣ በባሕር ደኅንነት ላይ በተዘጋጀው የፓናል ውይይት መብራት ጠፍቶ ለጄኔሬተሩ ተቀድቷል። የአቶ ወልደመስቀል ግን ጠብታ ሳይጎድልበት ሱቃቸው ውስጥ አለ፤ የተለካ ነገር አይነኩም።

«መቅዘፊያስ?» አልኩ እኔ። ግማሽ መቅዘፊያ ምን ይሠራል ብሎ ሁሉም ቤቱ ትቶት መጥቷል።

ብሩ እየራቀ ሄደ። ከሩቅ አቶ ዳና ሜላትን ተሸክመው ወደ አይሱዙው ሲሮጡ አየን። አይሱዙው አቧራ አስነሥቶ ሽቅብ ወጣ። ከዚያ አቶ ዳና በእርጋታ ተመልሰው የብሩን ጀልባ በሰንሰለት አሰሩና በአዲስ ጓጉንቸር ቆለፉት።

ፀሐይ ወደ ዳውሮ ተራሮች ስትዘነብል ነፋስ ተነሣ። ጀልባዋ መሃል ውሃ ላይ መዞር ጀመረች። ወይዘሮ ዓመለወርቅ የጀልባዋን ጠርዝ ይዘው ጸሎት ጀመሩ። እኔ ዋና አልችልም፤ ከእኛ መካከል የሚችል አልነበረም። ያን ጊዜ የአቶ ወልደመስቀል ስልክ ጮኸ። ዘነቡ ናት፤ ከኦቶና።

«ጋሼ፣ ወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው» አለች እያለቀሰች። «ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አልቆ ነበር አለን።»

አቶ ወልደመስቀል ጃኬታቸውን ሲነካኩ ቆዩና «እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስልኩን ዘግተው ለአቶ ዳና ደወሉ።

«ዳና፣ ብሩ በአስቸኳይ ይምጣልን።»

«ጀልባውን ይዣለሁ፣ ጌታዬ። ያለ ፈቃድ ተሻግሯል።»

«ልቀቀው።»

«የአራታችሁ ፊርማ ያለው ወረቀት የት አለ?»

«ሰውዬ፣ አራታችንም እዚህ ውሃ ላይ ነን!»

«እሱማ ይታየኛል።»

«ፈርመን ፎቶውን በስልክ እንላክልህ?»

«የእኔ ስልክ መብራት ብቻ ነው ያላት፣ ጌታዬ። ደግሞ መመሪያዋ ወረቀት ነው ያለችው።»

ሰብሳቢያችን ወደ እኛ ዞሩ። የስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን አረጋገጥኩ። የብሩ ጀልባ እንዲለቀቅ ቀረበ፤ የተቃወመ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦ የለም። በጉልበቴ ላይ ፈቃዱን ጻፍኩ፤ አራቱም ተራ በተራ ፈረሙ፤ ማኅተሙም ከእኔ ኪስ አልጠፋም ነበርና ወረቀቱ ላይ አሳረፍነው። በጥምረቱ ታሪክ እንደዚያ ፈጥኖ ያለቀ ጉዳይ የለም። አሁን የቀረን፣ ወረቀቱን ለአቶ ዳና የሚያደርስ ጀልባ ማግኘት ብቻ ነው።